የነሐስ ማዕረግ ንጹሐን

በኢንተርኔት አማካይነት በቡድን ተከፍሎ የሚካሄደው የቪዲዮ ጨዋታ ውድድር ካፈራቸው የኅብረተሰብ ክፍሎች መካከል ከሁሉ ይልቅ ብዙ አባላት ያሉት፣ ከሁሉ ይልቅ የተበደለና ስለ በደሉም ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው በዝቅተኛ ማዕረግ ላይ የሚገኘው ተጫዋች ነው። የዚህ ክፍል አባላት በሚኖሩበት አገር፣ በሚናገሩት ቋንቋና በሚከተሉት እምነት እጅግ የተለያዩ ቢሆኑም በአንድ አንቀጽ ላይ ግን ያለ ልዩነት ይስማማሉ፤ ይኸውም እያንዳንዳቸው ከተመደቡበት ማዕረግ በላይ የሚገባቸው ሲሆኑ፣ እዚያ እንዳይደርሱ እግር ተወርች ያሰሯቸው ኮምፒውተሩ የሚመድብላቸው የቡድን አጋሮቻቸው ናቸው የሚል ነው። የታሰሩት ሁሉ የሌላው አጋር፣ አጋሮቹም ሁሉ በተራቸው የታሰሩ መሆናቸው በዚህ እምነት ላይ ያሳደረው ጥርጣሬ እስካሁን አልታየም።

የጉዳዩን ጠባይ ለመረዳት ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የተባለውን ጨዋታ በምሳሌነት መውሰድ ይበቃል። ራየት ጌምስ የተባለው የሎስ አንጀለስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ ያቀረበው ይህ ጨዋታ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አምስት አምስት ሰዎች ያሏቸውን ሁለት ቡድኖች የሚያፋልም ሲሆን፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ከ160 በላይ ከሆኑት ቻምፒዮኖች፣ ማለትም የየራሳቸው መሣሪያና ጥበብ ካላቸው ተዋጊ ገጸ ባሕርያት፣ አንዱን መርጦ ይሰለፋል። የጦር ሜዳው ሌን በሚባሉ ሦስት መንገዶችና በመንገዶቹ መካከል ባለ ጫካ የተከፋፈለ ነው፤ በየመንገዱ በየ30 ሰከንዱ ገደማ ሚኒየን የሚባሉ ትንንሽ ወታደሮች ያለ አዛዥ እየተመሙ ይወጣሉ፤ አንዱ ተጫዋች በላይኛው መንገድ፣ አንዱ በመካከለኛው፣ ሁለቱ በታችኛው ሲሰለፉ፣ አምስተኛው ጃንግለር ተብሎ በጫካው ውስጥ አውሬ እያደነ ወደ ተቸገረው ወገን ብቅ ይላል። ድል የሚገኘው የባላጋራን ማማዎች አፍርሶ ኔክሰስ የሚባለውን የሰፈሩን እምብርት በመስበር እንጂ በተገደለ ሰው ብዛት አይደለም፤ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለማንም ጀማሪ በግልጽ የሚነገር ቢሆንም በዝቅተኛ ማዕረጎች አካባቢ እንደ ምሥጢር ተጠብቆ ይኖራል።

ማዕረጎቹ ከታች ወደ ላይ ሲቆጠሩ ብረት፣ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲነም፣ ኤመራልድ፣ አልማዝ፣ ማስተር፣ ግራንድማስተርና ቻሌንጀር ይባላሉ። እስከ አልማዝ ያሉት እያንዳንዳቸው በአራት ክፍል የተከፈሉ ሲሆኑ፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ቀጣዩ ለመሻገር 100 ነጥብ ማጠራቀም ያስፈልጋል። እስከ 2018 የውድድር ወቅት ድረስ የሁሉ ወለል ነሐስ ነበር፤ በ2019 ኩባንያው ከነሐስ በታች ብረትን ሲጨምር ዓላማው ተጫዋቾችን ይበልጥ አጥርቶ ለመለየት ይሁን እንጂ፣ ያስገኘው ትልቁ ማኅበራዊ ጥቅም ነሐሶች በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልቁል የሚያዩት ወገን ማግኘታቸው ነው።

የዚህ ሁሉ ደረጃ አሰጣጥ ሥር የሚገኘው ግን በቪዲዮ ጨዋታ ሳይሆን በቼዝ ነው። በ1903 በያኔው ኦስትሪያ ሀንጋሪ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የሄዱት አርፓድ ኤሎ በሚልዋኪ ከተማ በማርኬት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩ፣ የዊስኮንሲን ግዛትን የቼዝ ሻምፒዮና ስምንት ጊዜ ያሸነፉ ምሁር ሲሆኑ፣ የተጫዋቾችን ችሎታ በቁጥር የሚለካ ዘዴ ቀምረው የአሜሪካ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1960፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደግሞ በ1970 ተቀብለውላቸዋል። የዘዴው ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲገጥሙ በነጥባቸው መካከል ያለው ልዩነት ውጤቱን አስቀድሞ ይተነብያል፤ ለምሳሌ የ200 ነጥብ ብልጫ ያለው ሰው ከሚገኘው ውጤት 76 በመቶ ያህሉን እንዲወስድ ይጠበቃል፤ ከተጠበቀበት በላይ ያመጣ ይጨመርለታል፣ በታች ያመጣ ይቀነስበታል። ዘዴው የሚቀበለው ማሸነፍን፣ መሸነፍንና አቻ መውጣትን ብቻ ስለሆነ ሰበብ የሚያዳምጥበት ጆሮ የለውም። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስም እስከ 2013 ድረስ ይህንኑ ቁጥር በግልጽ ያሳይ የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እውነተኛውን ስሌት ከመጋረጃ በስተጀርባ አስቀምጦ ለአደባባይ ብሩንና ነሐሱን አወጣ።

ተጫዋቾች በዝቅተኛው ነጥብ አካባቢ ያለውን አገር የኤሎ ሲኦል ብለው ሰይመውታል፤ በዚህም ምክንያት በ1992 በ89 ዓመታቸው ያረፉት ትጉህ የፊዚክስ መምህር ባልሠሩት ሥራ የሲኦል ባለንብረት ሆነው ቀርተዋል። ስለዚህ ሲኦል የሚሰጠው ትምህርት እንደሚከተለው ነው። ችሎታ ያለው ሰው በጀማሪነቱ ዘመን ወይም በክፉ አጋጣሚ ወደዚያ ከወደቀ፣ የሚመደቡለት አጋሮች የማይረቡ ስለሚሆኑ ሊያሸንፍ አይችልም፤ ሊያሸንፍ ስላልቻለም ዘመኑን ሁሉ ከማይረቡት ጋር ይኖራል። ክርክሩ እንዲህ ሲቀርብ የራሱ ውበት አለው፤ ጉድለቱ የተቃራኒው ቡድን አባላት ከየት አገር እንደሚመጡ አለመናገሩ ብቻ ነው። ከአሥር ተጫዋቾች አንዱ ጨዋታ አበላሽ ነው ቢባል፣ ራሱ አበላሽ ያልሆነ ተጫዋች በቡድኑ ውስጥ ለአበላሽ ክፍት የሆኑ አራት ቦታዎች ሲኖሩት ባላጋራው አምስት አለው፤ ስለዚህ በ100 ጨዋታ 40 ያህል አበላሾች ለእሱ ሲደርሱት ለተቃራኒው ወገን 50 ይደርሱታል። ሒሳቡ ከጎኑ ቆሞለት ሳለ ከመቶ ጨዋታ በኋላም ካለበት ያልተነቃነቀ ሰው፣ አምስተኛው ቦታ በማን እንደተያዘ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ጥያቄው ከባድ ስለሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለጃንግለሩ ይተላለፋል።

ይህ ሲባል ቅሬታው ከመሠረቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። በአንድ ጨዋታ ውስጥ አንድ ሰው ከአሥሩ አንዱ ብቻ ነው፤ ግሩም አድርጎ ተጫውቶ ሌሎቹ ስለወደቁ ብቻ የሚሸነፍበት ምሽት በእርግጥ አለ፤ ብዙም ነው። ማይክሮሶፍት ለኤክስቦክስ ተጫዋቾች ያዘጋጀው ትሩስኪል የተባለው መለኪያ የአንድን ሰው ችሎታ ለይቶ ለማወቅ ቢያንስ ስንት ጨዋታ እንደሚያስፈልገው ሲገለጽ፣ ሁለት ሰዎች ብቻ ለብቻ ሲገጥሙ 12፣ አራት አራት ሆነው በሁለት ቡድን ሲገጥሙ 46፣ ስምንት ስምንት ሲሆኑ ደግሞ 91 እንደሆነ ተጽፏል። ሰው በበዛ ቁጥር የአንዱ ጥፋት በሌላው ጥላ ሥር ይሸሸጋል፤ የአንዱ ትጋትም እንደዚሁ። ቅሬታው እንግዲህ በአንዱ ጨዋታ እውነት ሆኖ በመቶው ድምር ሐሰት የሚሆን እንግዳ ፍጡር ነው፤ ሰው ደግሞ የሚናደደው በአንዱ ጨዋታ ነው፤ በአማካይ የተናደደ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ለዚህም ነው ተከታታይ ሽንፈት በዝቅተኛ ማዕረግ ካሉት ክስተቶች ሁሉ የላቀ የሴራ ምንጭ የሆነው። ጨዋታውን የማሸነፍም የመሸነፍም ዕድሉ እኩል የሆነ ሰው መቶ ጊዜ ሲጫወት፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ አምስት ጨዋታ አከታትሎ የመሸነፍ ዕድሉ 80 በመቶ ያህል ነው፤ ይህን ሳያውቅ አምስተኛው ሽንፈት የደረሰበት ተጫዋች ግን ኩባንያው የተሸናፊዎች ወረፋ የሚባል ስውር መዝገብ ከፍቶ፣ ሰውን ሆን ብሎ ከደካሞች ጋር እያጣመረ እንደሚጥል ያምናል። ኩባንያው እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ በይፋ አስተባብሏል፤ ማስተባበሉም እንደተለመደው ለማስረጃነት ተቆጥሯል። አምስት ጊዜ አከታትሎ ያሸነፈ ሰው በበኩሉ የአሸናፊዎች ወረፋ ውስጥ ገብቼ ይሆን ብሎ የተጨነቀበት ጊዜ የለም፤ ያን ሳምንት ችሎታው ወደ ትክክለኛ ቦታው መመለሱን ብቻ ያስተውላል።

የነገሩን እውነት ለማየት ሪፕሌይ የሚባለውን፣ ማለትም ጨዋታው ካለቀ በኋላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደገና የሚታይበትን ቅጂ፣ ከፍቶ አንድን ሞት በቅርብ መመርመር ይጠቅማል። በመካከለኛው መንገድ የተሰለፈ አንድ የነሐስ ተጫዋች በ14ኛው ደቂቃ ላይ የባላጋራውን ሚኒየኖች ከአንዲት በቀር ጨርሶ የራሱን እስከ ማማው ድረስ አድርሷል። በእጁ 1,300 ወርቅ አለ፤ ወደ ሰፈሩ ተመልሶ መሣሪያ መግዛት የሚገባው ሰዓት ነው። ፍላሽ የሚባለውን፣ በአምስት ደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኘውን ከአደጋ መዝለያ ጥበብ፣ ከሁለት ደቂቃ በፊት ሊገድለው ያልቻለውን ሰው ለማባረር አጥፍቶታል። በጨለማው ጫካ ተተክለው መጪውን የሚያሳዩ፣ ዋርድ የሚባሉ በነጻ የሚታደሉ ጠባቂ ዓይኖች ሁለቱም ያልተነኩ ናቸው። በስክሪኑ ጥግ ባለችው ትንሽ ካርታ ላይ ከአምስቱ ባላጋራዎች የሚታየው አንዱ ብቻ ነው፤ አራቱ የት እንዳሉ አይታወቅም። ከአጋሮቹ አንዱ በካርታው ላይ የአደጋ ምልክት ሁለት ጊዜ አብርቶለታል። ተጫዋቹ ግን አንዲት ሚኒየን ትቀረዋለች፤ ዋጋዋ 21 ወርቅ ነው፤ አንድ እርምጃ ይጠጋል። ሦስት ሰዎች ከጫካው ይወጣሉ፤ ገዳዩ 300 ወርቅ፣ ማለትም የ15 ሚኒየን ያህል ዋጋ ይቀበላል፤ ሟቹም እስኪነሣ ድረስ ሁለት እጆቹ ነጻ ስለሚሆኑ ወደ መጻፊያው ሳጥን ዞሮ ጃንግለሩ የት እንደነበረ ይጠይቃል። ጃንግለሩ በዚያ ሰዓት በታችኛው መንገድ አጠገብ ለቡድኑ ሁሉ ኃይል የሚያስገኘውን ድራጎን እየተዋጋ ነበር፤ በካርታውም ላይ ሙሉ በሙሉ ይታይ ነበር። ሪፕሌይን የመሰለ ታማኝ ምስክር ለእያንዳንዱ ተጫዋች ክፍት ቢሆንም በዝቅተኛ ማዕረግ የሚጠራው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲጠራም ተጫዋቹ አራት ሰው የገደለበትን ጨዋታ እንዲመሰክር ነው።

ይህ ጠባይ የጨዋታ ሰዎች ብቻ አይደለም። ኦላ ስቬንሰን የተባሉ ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1981 ባሳተሙት ጥናት ከጠየቋቸው አሜሪካውያን 93 በመቶ፣ ከስዊድናውያኑ ደግሞ 69 በመቶ የሚሆኑት በመኪና መንዳት ችሎታቸው ከቡድናቸው የላይኛው ግማሽ ውስጥ ራሳቸውን መድበዋል፤ ግማሹ ግን ምንጊዜም ግማሽ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ ባወጡት ጥናት፣ ባልና ሚስት ለየብቻቸው በቤት ውስጥ ሥራ ያላቸውን ድርሻ ሲጠየቁ የሁለቱ መልስ ተደምሮ ከመቶ በላይ መሄዱ አዘውትሮ ታይቷል። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩና አንዱ የሌላውን ልፋት በየቀኑ የሚያዩ ሁለት ሰዎች ድምራቸው ከመቶ ካለፈ፣ ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ አምስት ሰዎች ለግማሽ ሰዓት ተገናኝተው የሚያቀርቡት ድምር እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የእነዚህ አምስት ሰዎች ስብሰባ፣ ማሳው የማን እንደሆነ ማንም ሳያውቅ ከአምስት አገር እንደተጠራ ደቦ ነው። ገና ቻምፒዮን ሲመረጥ አንዱ መካከለኛው መንገድ ካልተሰጠው ሆን ብሎ እየሞተ ጨዋታውን እንደሚያስበላ ያስታውቃል፤ ሌላው ከሁሉ በፊት በዚያ ሳምንት ስለደረሰበት ግፍ ይተርካል፤ ሦስተኛው ከዚያን ቀን በፊት ነክቶት የማያውቀውን ቻምፒዮን የሚለማመድበት ምቹ አጋጣሚ በነጥብ የሚያስጠይቀው ይህ ጨዋታ መሆኑን ወስኗል። በኢትዮጵያ የገና ጨዋታ ላይ ጌታም ቢሆን እንዳይቆጣ የቆየ ልማድ ይደነግጋል፤ በዚህኛው ጨዋታ ጌታ የሚባል ስለሌለ ደንቡ የሚመለከተው ሰው አልተገኘም፤ ስለዚህ ሁሉም ይቆጣል። ከቁጣው የሚከተለውን ሁኔታ ተጫዋቾቹ ቲልት ይሉታል፤ ይኸውም በሽንፈት የተናደደ ሰው ንዴቱ ሳይበርድ ወደ ቀጣዩ ጨዋታ ገብቶ፣ በደህና ጊዜው የማያደርገውን ሁሉ የሚያደርግበት ሁኔታ ነው። ቲልት የያዘው ሰው በሌሊት ስምንት ሰዓት የሚጫወተው የመጨረሻ ጨዋታ በተፈጥሮው የመጨረሻ ሊሆን አይችልም፤ በሽንፈት መተኛት ስለማይቻል ሌላ ይከተለዋል። ጨዋታው ሲያልቅ በሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ጃንግል ዲፍ የሚል ነው፤ ትርጓሜውም በሁለቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት የጃንግለሮቹ ብቻ ነበር ማለት ሲሆን፣ ይህን ፍርድ የሚጽፈው ሰው ዘጠኝ ጊዜ መሞቱ በዚያው ገጽ ላይ ከስሙ ጎን ተመዝግቦ ይታያል።

ለኢትዮጵያዊው ተጫዋች በዚህ ላይ የሚጨመር አንድ እውነተኛ ችግር አለ። ፒንግ ማለት ተጫዋቹ የሰጠው ትእዛዝ ሰርቨር ወደሚባለው ማዕከላዊ ኮምፒውተር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቀው ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨር ትእዛዝን ተቀብሎ ለመመለስ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊፈጅበት በተፈጥሮ ሕግ አይቻልም፤ ገመዱ ባሕርና ጎረቤት አገር እየዞረ ስለሚሄድም በተግባር ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ባላጋራው ሲተኩስ የአዲስ አበባው ተጫዋች የሚያየው ያለፈ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ስሌቱ ይህንንም አስቀድሞ በልቶታል፤ ማሽኑ የሚመዝነው የሰውየውን ጣቶች ብቻ ሳይሆን ጣቶቹን ከነገመዱ ስለሆነ፣ በዘገየ ኢንተርኔት ነሐስ የሆነ ሰው የሚገጥመው ፈጣን ኢንተርኔት ይዞ ነሐስ ከሆነ ሰው ጋር ነው፤ ግጥሚያው እኩል ነው ማለት ይቻላል። ስሌቱ ሊበላው ያልቻለው የመብራት መጥፋት ነው። መብራት ሄዶ ከጨዋታ የወጣ ሰው በደንቡ ዘንድ ጓደኞቹን ትቶ ከኮበለለ ሰው አይለይም፤ ነጥቡን ያጣል፣ ነገሩ ከተደጋገመም ለሚቀጥሉት ጨዋታዎች ወረፋ ላይ ተጨማሪ ደቂቃዎች እንዲጠብቅ ይፈረድበታል፤ አራቱ አጋሮቹም በያሉበት አገር ሆነው፣ የሰፈሩን ትራንስፎርመር ሁኔታ ሳያውቁ፣ ስሙን ያነሡታል።

ከዝቅተኛ ማዕረግ የሚወጡት ሰዎች የሚያደርጉት ነገር ሲታይ እንግዲህ እጅግ አሰልቺ ነው፤ ምናልባትም ብዙዎች የማያደርጉት ለዚህ ይሆናል። ከ160 በላይ ከሆኑት ቻምፒዮኖች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይይዛሉ፤ እጃቸው ራሱን ችሎ እንዲሠራና ዓይናቸው ለካርታው ነጻ እንዲሆን ነው። ሚኒየን የሚያስገኘው ወርቅ የሚሰጠው የመጨረሻዋን ምት ለሰነዘረው ብቻ ስለሆነ፣ ይህችን ምት ሳይስቱ መምታትን እንደ ዋና ሙያ ይቆጥሯታል፤ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች በአንድ መንገድ ከሚወጡት 100 ያህል ሚኒየኖች ግማሹን የሳተ ተጫዋች ወደ 1,000 ወርቅ፣ ማለትም ሦስት ሰው የመግደል ያህል ዋጋ፣ ማንም ሳይነካው ያጣል፤ በዚያው ጊዜ አንድ ሰው ገድሎ ከሆነ ግን ራሱን የሚያስታውሰው በገዳይነቱ ነው። መጻፊያውን ሳጥን ይዘጉታል። ሁለት ጊዜ አከታትለው ከተሸነፉ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ይነሣሉ፤ ይህ የመጨረሻው ከሁሉም የሚከብድ ሲሆን፣ ምንም ዓይነት የጣት ቅልጥፍና የማይጠይቅ መሆኑ ደግሞ ያስገርማል። የጀግንነት ቪዲዮ የሚሠራበት ነገር በዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድም የለም።

ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው የሚያገኘውም ቢሆን ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። እኩያን ከእኩያ የሚያጋጥመው ማሽን የማንንም ሰው የድል መጠን ወደ 50 በመቶ ስለሚጎትት፣ ከ100 ጨዋታ 53ቱን የሚያሸንፍ ተጫዋች ከማዕረጉ በእርግጥ የተሻለ ነው፤ ድሉ ከሽንፈቱ የሚበልጠው ግን በስድስት ብቻ ነው። በአንድ ድል 20 ነጥብ ያህል ይጨመራል፣ በአንድ ሽንፈትም ያንኑ ያህል ይቀነሳል ቢባል ከመቶ ጨዋታ የሚተርፈው 120 ነጥብ ይሆናል፤ አንድ ማዕረግ አራት ክፍል፣ ማለትም 400 ነጥብ ስለሆነ፣ ከነሐስ ግርጌ ተነሥቶ የብር ደጃፍ ለመድረስ 333 ያህል ጨዋታ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ወደ 167 ሰዓት ይመጣል፤ ይህም በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሠራተኛ ከአራት ሳምንት በላይ የቢሮ ሥራ ነው፤ ያውም ያለ ደመወዝ። አሥር ጨዋታ ተጫውቶ ማዕረጉ ስላልተለወጠ ሲኦል መኖሩን ያረጋገጠ ሰው፣ ከዚህ ሒሳብ አንጻር ገና ጫማውን እያሰረ ነው።

መንገዱ ይህን ያህል ረጅም በመሆኑ አቋራጭ መፈለጉ አይቀርም። ቡስቲንግ የሚባለው አንዱ ሲሆን፣ ጎበዝ ተጫዋች ገንዘብ ተቀብሎ በደንበኛው ስም እየተጫወተ ማዕረጉን ከፍ የሚያደርግበት ንግድ ነው፤ ደቡብ ኮሪያ ነገሩን ከቁም ነገር ቆጥራ በ2018 ባጸደቀችው የሕግ ማሻሻያ፣ ይህን በንግድ መልክ የሚሠራ ሰው እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 20 ሚሊዮን ዎን መቀጮ እንዲደርስበት ደንግጋለች። የገዢው ቅጣት ግን ሕግ አያስፈልገውም፤ በተገዛ የፕላቲነም ማዕረግ ወደ ጨዋታ ሲገባ የሚጠብቁት እውነተኛ የፕላቲነም ተጫዋቾች ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ተሰልፎ የሌላ ሰው የኤሎ ሲኦል ሆኖ፣ በየጨዋታው ነጥቡን እየመለሰ ወደ አገሩ ይወርዳል። ስመርፊንግ የሚባለው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከፍተኛ ማዕረግ ያለው ተጫዋች በአዲስ ስም ተመዝግቦ ከዝቅተኞቹ ጋር ይቀላቀላል፤ አዘውትሮ የሚሰጠው ምክንያት እፎይ ብሎ ለመጫወት የሚል ሲሆን፣ የእፎይታው ወጪ በሌሎች ላይ ይመዘገባል። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የአልማዝ ተጫዋች በነሐሶች መካከል በስውር ሲገባ፣ ያንኑ የማይረባ አጋር እየተመደበለት፣ ያንኑ ጃንግለር ይዞ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከነሐስ ወጥቶ ይሄዳል። ሲኦሉ ለእሱ በር ከፈተለት ማለት ነው። የነሐስ ተጫዋቾች ይህን ማስረጃ በዓይናቸው ያያሉ፤ የሚደርሱበት መደምደሚያ ግን ስመርፎች ስለበዙ መውጣት አይቻልም የሚል ነው።

የሆነው ሆኖ የሚወጣም አለ። ከነሐስ ወደ ብር የተሻገረ ተጫዋች በአዲሱ አገሩ ደስ ብሎት የሚቆየው አንድ ሳምንት ያህል ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚያቀርበው ቅሬታ ከቀድሞው በጥቂቱ ይለያል፤ ነሐሶች አለማወቃቸውን ስለሚያውቁ ቢነገራቸው ይሰሙ ነበር፣ ብሮች ግን ያወቁ ይመስላቸዋል የሚል ነው። ወርቅ የገባውም ስለ ወርቆች፣ ፕላቲነም የገባውም ስለ ፕላቲነሞች ተመሳሳይ ግኝት አለው። በትልልቆቹ የውድድር ክልሎች 300 ሰዎች ብቻ በሚገኙበት በቻሌንጀር ማዕረግ እንኳ ጃንግለሩ ይከሰሳል፤ ልዩነቱ እዚያ ያሉት ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ የሚገናኙት እነዚያው ሰዎች መሆናቸው ነው፤ በመሆኑም በአንዱ ጨዋታ በአጋርነት ተሰልፎ ቡድኑን አስበላ ተብሎ የተወገዘው ሰው፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ በባላጋራነት ሲመጣ በድንገት እጅግ ጎበዝ ሆኖ ይገኛል።